«ቲቸር፣ ካላወኩስ?»

ባለፈው መስከረም ነው። ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ከቢሮ ጥቂት ፎርሞች ሰጡኝ፣ ደብተርና ዩኒፎርም የሚረዳ ሰው ተገኝቷል፣ ከክፍልሽ የሚቸገሩትን ለይተሽ አስሞያቸው ተባልኩ። 6ኛ ክፍል ነው የማስተምረው። 7 ልጆች መርጬ ከትምህርት ሰዓት በኋላ አስቀረኋቸው። ከ7ቱ አንዷ በሰሜኑ ጦርነት ከእናቷ ጋር ተፈናቅላ የመጣች ናት፣ ዝምተኛ ልጅ ናት፣ ጽሕፈቷ ግን ሲያምር፣ ፊደሎቹን እንደ ጥልፍ ነው የምትደረድራቸው። ስሟን ጻፈች፣ ዕድሜዋን ጻፈች፣ የእናቷን ስም ጻፈች፣ ከዛ ቆመች። እኔ ሌላ ልጅ እያገዝኩ ስለነበር ልብ አላልኩም። ዞሬ ስመጣ እስክሪብቶዋን ከወረቀቱ ትንሽ ከፍ አድርጋ እንደያዘች ነው። መስመሩ «አባት» ይላል፣ አጠገቡ ሁለት ሳጥን አለ፣ «በሕይወት አለ»፣ «በሕይወት የለም»።

ቀና ብላ አየችኝና «ቲቸር፣ ካላወኩስ?» አለችኝ።

20 ዓመት አስተምሬያለሁ፣ ልጅ የጠየቀኝን አላውቀውም ብዬ የመለስኩበት ጊዜ አለ፣ አጣርቼ እነግርሻለሁ ያልኩበትም ጊዜ አለ። የዛን ቀን ግን ምንም ማለት አልቻልኩም። «እሱን ተይው፣ ሌላውን ጨርሺ» ብያት መስኮቱ ጋ ሄጄ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ቆምኩ። ልጆቹ ያዩኝ ይሆናል፣ አላውቅም። ያንን መስመር አውቀዋለሁ። በ1986 የ12 ዓመት ልጅ ሆኜ ሞልቼዋለሁ፣ እኔ ግን ካላወኩስ ብዬ ማንንም አልጠየቅኩም።

ይሄን ነገር ለሰው አውርቼው አላውቅም፣ ለባሌም ጭምር። ሳምንቱን ሙሉ ግን እንቅልፍ ስለነሳኝ ልጻፈው አልኩ።

ካፖርቱ

ያደግኩት አስመራ ነው፣ ቃኘው ሻለቃ አካባቢ። አባዬ የሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት አሥር አለቃ ነበር። የምንኖረው አንዲት ክፍል ተከራይተን ነው፣ ግቢው የአደይ ነበር፣ አደይ ስሟ አይደለም፣ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው፣ ግን ሌላ ስም ጠርቻት ስለማላውቅ አሁንም አደይ ነው የምላት። እማዬ አማርኛዋን ይዛ፣ አደይ ትግርኛዋን ይዛ ቀኑን ሙሉ ያወሩ ነበር፣ እኔና ታናሽ ወንድሜ በሁለቱም ነው አፍ የፈታነው፣ የትኛው የየትኛው እንደሆነ እንኳን የለየሁት ትምህርት ቤት ስገባ ነው።

የመጨረሻው ዓመት የሚታወሰኝ በድምፅ ነው። ምጽዋ በየካቲት 1982 ከተያዘ በኋላ ከተማው የሚኖረው በአውሮፕላን ነበር። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ እኛ ልጆቹ «ዱቄት መጣ!» እያልን ነበር የምንሮጠው፣ ከዛ ትንሽ ቆይቶ ኤርፖርቱ አካባቢ መድፍ ይወድቃል፣ እንደገና ሮጠን እንገባለን። በቃ ጨዋታችን ሆኖ ነበር። አሁን የራሴ ልጆች ግቢ ውስጥ ሲሯሯጡ ሳይ ያ እንዴት ጨዋታ ሊሆን ቻለ እላለሁ፣ ግን ነበር።

አባዬ ለመጨረሻ ጊዜ የመጣው በሚያዝያ 1983 ነው፣ ከደቀመሓሬ ግንባር፣ አንድ ሌሊት አድሮ ሄደ። የሚታወሰኝ ካፖርቱ ነው። እጅጌው ተተርትሮ ነበር፣ እማዬ ክር አልነበራትም፣ «ተይው፣ ስመለስ እወስደዋለሁ፣ እስከዛ ስፊው» ብሎ ሚስማሩ ላይ ሰቅሎት ወጣ። ከስንብቱ ይልቅ ካፖርቱን ሲሰቅል ነው በደንብ ያየሁት። ስሞኝ ይሆናል፣ ሳይስመኝ አይሄድም፣ ግን መሳሙን አላስታውስም።

ግንቦት 13 ፕሬዚዳንቱ አገር ጥሎ ሄደ ተባለ። በዛው ሰሞን ደቀመሓሬ ተያዘ። ከዛ መንገዱ በወታደር ሞላ፣ ወደ ከረን በኩል፣ ወደ ሱዳን ነው የሚሉት፣ ግማሹ ጫማ የለውም። እማዬ ወንድሜን አዝላ በሩ ላይ ቆማ የሚያልፈውን ሁሉ በአባዬ ስም ትጠይቃለች፣ የማን ጦር ነህ፣ ከየት ነው የመጣኸው፣ እንዲህ የሚባል አሥር አለቃ አላየህም? የሚቆምላት የለም። ግንቦት 16 ሻዕቢያ ገባ፣ ከተማው በእልልታ ተሞላ። አደይም ወጥታ ስትጨፍር አየኋት፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ፣ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ፣ እንደዛ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። ከዛ ላቧን እየጠረገች መጥታ የኛ መሬት ላይ ከእማዬ አጠገብ ቁጭ አለችና አለቀሰች። ሁለቱም እውነቷን ነበር። ይሄንን፣ ሰው ሲጨቃጨቅ በሰማሁ ቁጥር፣ ልናገረው እፈልግና እተወዋለሁ፣ ማን ይሰማኛል ብዬ።

ሰኔ ላይ የወታደር ቤተሰብ ይውጣ ተባለና በጭነት መኪና ተጫንን። አደይ ሕምባሻ ጋግራ በጨርቅ ጠቅልላ እጄ ላይ አስቀመጠችው፣ «ኣጆኺ ጓለይ» አለችኝ። አይዞሽ ልጄ ማለት ነው። እማዬ ከቤቱ ዕቃ የያዘችው አንድ ድስት፣ አንድ ብርድ ልብስና ካፖርቱን ነው። ወታደራዊ ካፖርት ይዞ መንገድ መውጣት ምን ሊያመጣ እንደሚችል እየታወቀ ብርድ ልብሱ ውስጥ ጠቅልላ ያዘችው። መንደፈራ፣ አዲ ቋላ፣ ከዛ ቁልቁለቱን ወደ መረብ ወረድን፣ ከመረብ ማዶ ራማ፣ ከዛ ዓድዋ። ስለ መንገዱ ብዙ መጻፍ እችላለሁ፣ ዛሬ ግን አልጽፍም፣ አንዳንዱን ወንድሜ እንዲያነበው አልፈልግም።

ያልመጣ መርዶ

አዲስ አበባ ዳር ካምፕ ገባን። መጀመሪያ ድንኳን፣ ቀጥሎ ላስቲክ፣ እያደር ደግሞ ያገኘ ሰው ቆርቆሮ ይጨምርበታል። ሁሉም ከዛው የመጣ ነው፣ የወታደር ሚስት፣ የወታደር ልጅ፣ እግሩን ያጣ ወታደር። ልጆቹ በሁለት ቋንቋ ነው የምንጣላው። ውጪ ትምህርት ቤት ስንሄድ ግን አማርኛችን ያስቃቸው ነበርና እኔ ትግርኛውን ቀስ በቀስ ዋጥኩት።

ጫማዬን ሳላወልቅ ነበር የምተኛው። ማንም አድርጊ አላለኝም። ሌሊት ተነሡ ቢባል ለመድረስ ነው። እማዬ ከተኛሁ በኋላ ታወልቅልኛለች፣ እኔ ሌሊት ስነቃ በጨለማ ፈልጌ መልሼ አደርገዋለሁ። እንደዚ እየተባባልን፣ ማለቴ ሳንነጋገር፣ ሁለት ዓመት አለፈ።

አባዬ አልመጣም፣ መርዶውም አልመጣም። መርዶ እንዴት እንደሚመጣ ታውቁታላችሁ። ገና ሳይነጋ ነው፣ ሰዎች ተጠራርተው ይመጣሉ፣ በሩ ላይ ጫማቸው ይሰማል፣ ማንም ሳይናገር ታውቁታላችሁ። እማዬ ንጋት ላይ ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ ብላ ትቀመጥ ነበር። ሌላ ቤት ሲሆን ለቅሶውን ሰምታ ትሄዳለች፣ ታስተዛዝናለች፣ ትመለሳለች፣ በሚቀጥለው ሌሊት እንደገና። የሚገርመኝ፣ አንዳንዴ ስትመለስ ፊቷ ላይ የማየው ነገር ቅናት ይመስለኝ ነበር። ልጅ ነበርኩ፣ ተሳስቼ ይሆናል። አሁንም ግን ቅናት ይመስለኛል።

ያልጠየቀችበት ቦታ የለም። የቀድሞው ሠራዊት አባላት የተሰበሰቡባቸው ካምፖች አሉ ሲባል ታጠቅ ሄደች፣ ጦላይ ሄደች። የቀይ መስቀልን መልእክት ሞልታ ላከች፣ ያ ክፍት ሆኖ የሚሄደው፣ የቤተሰብ ወሬ ብቻ የሚጻፍበት ወረቀት ነው፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ብላ ጻፈች፣ መልስ አልመጣም። አንዱ ወታደር «ሱዳን ገብቷል ሲባል ሰምቻለሁ» አላት። ሌላው «ደቀመሓሬ ላይ ቆስሎ አይቼዋለሁ» አላት። ሁለቱን አንድ ላይ አድርጋ ቆስሎ ሱዳን ገባ ብላ ደመደመችና በዛች ላይ ቤት ሠራች። ቤታችን ውስጥ ያለው ነገር በሙሉ «ሲመጣ» ሆነ። ሲመጣ እንጠይቀዋለን። ሲመጣ ይሠራዋል። አንድ ደግ ሰው እንዲያገባት ሽማግሌ ሲልክባት «ባለ ባል ነኝ» ብላ መለሰች። ካምፑ ውስጥ ያሉት ሴቶች ምን እንደሚያደርጓት አያውቁም ነበር፣ እንደ መበለት አያዝኑላትም፣ እንደ ባለትዳርም አያዩዋትም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ሁሉም ያውቃል፣ እሷም ታውቅ ይሆናል፣ ግን የሚያወጣው ሰው የለም። ካፖርቱ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል፣ እጅጌው ከተሰፋ ቆይቷል።

«የለም»

1986 ላይ 5ኛ ክፍል ነበርኩ። አስተማሪያችን አባት የሌላቸው ልጆች እጃቸውን ያውጡ፣ ደብተርና ዩኒፎርም የሚሰጥ ድርጅት መጥቷል አለን። ብዙ እጅ ወጣ። እኔ አላወጣሁም። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ አውጥታ ነበርና ወረቀቷን ሲሰጣት እኔንም አየኝ፣ ዩኒፎርሜን አየ፣ ምንም ሳይል አንድ ወረቀት እኔም ላይ አስቀመጠልኝ። ለመልካም ነው ያደረገው፣ አሁን እኔም አስተማሪ ሆኜ ሳስበው እኔም ያንኑ ነበር የማደርገው።

ወረቀቱ ላይ «አባት፦ በሕይወት አለ / የለም» ይላል፣ የማይሆነውን ትተሽ የሚሆነውን ታከቢያለሽ። ጓደኛዬ ወዲያው ከበበችው፣ የሷ አባት መሞቱን ሁላችንም እናውቃለን፣ መርዶው ሲመጣ እኔም ነበርኩ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ሁለቱን ቃላት አያለሁ። «አለ» ብል ደብተር የለም። ደብተር ብቻ አልነበረም ግን፣ እውነቱን ልናገር ከተቀመጥኩ አይቀር። ደክሞኝ ነበር። «ሲመጣ» የሚለው ቃል ደክሞኝ ነበር። የእማዬ ሌሊት መነሳት ደክሞኝ ነበር። ሌሎቹ ልጆች አባታቸው ሞቶ፣ አልቅሰው፣ ጨርሰው ቅልብልቦሽ ይጫወታሉ፣ እኔ የማለቅስበትም ቀን የለኝም። የ12 ዓመት ልጅ እንደዚ ታስባለች ወይ ትሉኝ ይሆናል፣ በነዚህ ቃላት አላሰብኩትም፣ ግን ያ ነበር።

በሰማያዊ እስክሪብቶ «የለም»ን ከበብኩት። አንዴ አይደለም፣ ደጋግሜ፣ ወረቀቱ እስኪሳሳ። ከዛ ልቤ መምታት ጀመረ። በእርሳስ ባደርገው ኖሮ ብዬ አሰብኩ፣ በራሴ ምራቅ ጣቴን አርሼ ላጠፋው ሞከርኩ፣ ቀለሙ ተዛምቶ ክቡ ጨለመ እንጂ አልጠፋም።

የወላጅ ፊርማ ያስፈልገዋል። እማዬ ካምፑ በር ላይ ጉሊት ነበራት፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በትንሽ በትንሹ ደርድራ ትሸጣለች። ያን ቀን ቤት ነበረች፣ ሽንኩርቱን ከተበላሸው እየለየች። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወረቀቱን ተቀበለችኝ። እማዬ ፊደል የቆጠረችው በ1971 በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው፣ አንቺ አንብቢልኝ ብላኝ አታውቅም፣ ራሷ ነው የምታነበው፣ በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ እያንዳንዷን ፊደል እየጠራች። የኔን ስም አነበበች። ዕድሜዬን አነበበች። ጣቷ እየወረደ ሲመጣ እያየሁት ነው። «አ…ባ…ት» አለች። «በ…ሕይ…ወት»። ከዛ ጣቷ ክቡ ላይ ደርሶ ቆመ። ጮክ ብላ አላነበበችውም።

ላስቲኩን ንፋስ ይመታዋል፣ ጣጣ ጣጣ ይላል፣ እሱን እየቆጠርኩ ነበር። ወንድሜ መሬት ላይ ተኝቶ ያስላል። ትመታኛለች ብዬ ነው የጠበቅኩት፣ ብትመታኝ ደስ ይለኝ ነበር። ቀና ሳትል «በእስክሪብቶ ነው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«አይጠፋም ማለት ነው።»

እስክሪብቶውን ስጪኝ አለች። ፊርማ የላትም፣ ሙሉ ስሟን ከነአባቷ ነው የምትጽፈው፣ ጊዜ ይወስዳል። ጽፋ ጨረሰች፣ ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ መለሰችልኝ፣ ሽንኩርቷን ወደ መለየት ተመለሰች። እንጀራ በላን። ተኛን። ገና ሳይነጋ በሩ ላይ ጫማ ሰማሁ፣ ብዙ ጫማ። ማን እንደነገራቸው እስከዛሬ አላውቅም፣ ማታ ከተኛሁ በኋላ ወጥታ ለእትዬ ጎረቤታችን ነግራት መሆን አለበት። ሴቶቹ ገቡ፣ ማንም አልተናገረም፣ እማዬ ተቀምጣ ትጠብቃቸው ነበር። ከዛ ሦስት ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ድምፅ ወጣ። እንደዛ ያለ ድምፅ ከሷ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። እኔም አለቀስኩ፣ ግን የኔ ልቅሶ ግማሹ ፍርሃት ነበር፣ እኔ ነኝ የገደልኩት እያልኩ ነበር በልቤ።

ከለቅሶው በኋላ ጥቁር ቀለም ገዛች። በዛው ከአስመራ በመጣው ድስት ነጠላዋን ነከረች፣ በዛው ቀለም ካፖርቱን ነከረችው። ሲደርቅ በመቀስ ቆረጠችውና ለወንድሜ ጃኬት ሰፋችለት። የተረፈው እጅጌ ለኔ የትምህርት ቤት ቦርሳ ሆነ። 12 ደብተር ተሰጠኝ፣ በዛ ቦርሳ ውስጥ ነው የያዝኳቸው። ከዛ በኋላ ነው እማዬ እድር የገባችው፣ ከዛ በኋላ ነው ጉሊቱን ትታ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤት ማቅረብ የጀመረችው፣ እኔም ጫማዬን አውልቄ መተኛት የጀመርኩት። መቼ እንደሆነ ራሴ አላስታውስም፣ እሷ ናት ከለቅሶው በኋላ ነው የምትለው። ሕይወታችን እንደገና የተጀመረበትን ቀን ንገሪኝ ብትሉኝ ያ ቀን ነው።

ቁርጥ ያጠግባል ይላሉ። እኛ ግን ቁርጡን ማንም አልሰጠንም፣ እኔ ነኝ በሰማያዊ እስክሪብቶ የፈጠርኩት። 30 ዓመት ሙሉ የሚከነክነኝ ይሄ ነው። መብቱ ነበረኝ ወይ? ትክክል ብሆንስ፣ ትክክል መሆኔ መብት ይሰጠኛል ወይ? ኋላ ትልቅ ሆኜ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ሳነብ አንድ ሰው ጠፍቶ 2 ዓመት ወሬው ካልተሰማ መጥፋቱ እንዲታወጅ ፍርድ ቤት መጠየቅ እንደሚቻል አየሁ። 1952 የወጣ ሕግ ነው፣ እኔ ከመወለዴ ከ20 ዓመት በላይ በፊት። ሞቷል አይልም፣ አለም አይልም፣ ጠፍቷል ነው የሚለው። ሕጉ እንኳን ሦስተኛ ሳጥን ነበረው ብዬ መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ሰዓት ተቀመጥኩ።

ከማዶ ያለች ሴት

ሐምሌ 2010 ላይ ከኤርትራ ጋር በ20 ዓመቱ ስልክ ሲከፈት ታስታውሳላችሁ፣ ሰው ዝም ብሎ ያልታወቀ ቁጥር እየደወለ ከማያውቀው ሰው ጋር ያወራ ነበር። እኔም አደረግኩት። የአደይ ቁጥር የለኝም፣ ስልክም አልነበራት። 291 ብዬ የመጣልኝን ቁጥር ተጫንኩ፣ አልሠራም፣ ቀየርኩ፣ አልሠራም፣ በስንተኛው ነው መሰላችሁ አንድ ሴት አነሳች። «ሃለው» አለች።

ከአስመራ ከወጣሁ 27 ዓመት ሆኖኛል፣ ትግርኛ መናገር ከተውኩም ቆይቻለሁ። አፌን ስከፍት የወጣው የ9 ዓመት ልጅ ትግርኛ ነው፣ ሌላ የለኝማ፣ እዛው ላይ ነው የቆመው። የ36 ዓመት ሴት ሆኜ እንደ ሕፃን እየተኮላተፍኩ አስመራ ነው ያደግኩት፣ የወታደር ልጅ ነኝ፣ ሰላም ልበላችሁ ብዬ ነው አልኳት። ዝም አለች። ትዘጋዋለች ብዬ ነበር። «ጓለይ» አለችኝ።

ብዙ አወራን፣ ካርዴ እስኪያልቅ። ወንድሟ ታጋይ ነበር፣ በረሃ ነው የሞተው፣ ቤተሰቡ ግን ለዓመታት አያውቅም፣ እናቷ ትጠብቃለች። ከነፃነት በኋላ ነው ወረቀት የደረሳቸው አለችኝ። እናቷ ወረቀቱን በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣው ሞተች። «ናታትኩምከ?» አለችኝ፣ የናንተስ? ለኛ ወረቀት አልመጣም አልኳት። ቀጥዬ እኔ ነኝ የጻፍኩት ልላት ነበር፣ በትግርኛ እንዴት እንደሚባል ግን አላውቀውም፣ የ9 ዓመት ልጅ ያንን የምትልበት ቃል የላትም። ስልኩ ተቋረጠ። ቁጥሩን መዝግቤው ነበር፣ መልሼ ግን አልደወልኩም፣ ለምን እንዳልደወልኩ አሁንም ለራሴ ማስረዳት አልችልም።

ስለበረደው ነው

ወደ ተማሪዬ ልመለስ። የልጆቹን ፎርም ሰብስቤ ቤት ወሰድኩት። ማታ ልጆቼ ከተኙ በኋላ የሷን አወጣሁና ከሁለቱ ሳጥኖች አጠገብ በማስመሪያ ሦስተኛ ሳጥን ሠራሁ፣ «አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩበት። በማግስቱ ከቢሮ ተመለሰልኝ። ኮምፒውተሩ ላይ እንደዛ የሚባል ምርጫ የለም፣ አንዱን አስመርጫት ተባልኩ። አልጨቀጨቅኩም፣ ሴትየዋ የተሰጣትን ነው የምትሠራው። ግን ልጅቷን ጠርቼ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ፎርሙ ቦርሳዬ ውስጥ ቀረ።

እሁድ እማዬ ጋ ሄድኩ። ቡና እያፈላች ነበር። የልጅቷን ነገር ነገርኳት፣ ከዛ በዛው ትንፋሽ፣ ሳላስበው፣ «ያኔ ያመጣሁልሽን ፎርም ታስታውሺዋለሽ?» አልኳት።

«የምን ፎርም?»

«የትምህርት ቤቱን። አባዬ የለም ብዬ የከበብኩትን። አንቺ የፈረምሽበትን።»

ጀበናውን አስቀመጠችና አሰበች። እውነቷን ነው፣ ፊቷን አውቀዋለሁ፣ እየፈለገች ነው። «ብዙ ነገር እፈርም ነበር» አለችኝ። «እህል ስንቀበል፣ ብርድ ልብስ ስንቀበል። የትኛው እንደሆነ እንጃ።»

«በእስክሪብቶ ነው ወይ አልሽኝ፣ በማግስቱ ለቅሶ ተቀመጥሽ» አልኳት። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

«ለቅሶ የተቀመጥኩት ካፖርቱን ስለቆረጥኩት ነው» አለችኝ።

ካፖርቱን የቆረጥሽው ከለቅሶው በኋላ ነው አልኳት። አይደለም አለችኝ። ወንድምሽ ያን ክረምት ሲያስል ነበር፣ ስለበረደው ነው፣ ሌሊት ተነስቼ ቆረጥኩት፣ ከቆረጥኩት በኋላ ታዲያ ሲመጣ ምን ይለብሳል ብዬ አሰብኩ፣ ሳስበው የሚለብሰው ነገር አጣሁለት፣ ያኔ ነው ያወቅኩት። እንደዚ ነው ያለችኝ፣ ፍሙን እያራገበች፣ እንደ ማንኛውም ወሬ።

ማንኛችን ትክክል እንደሆንን አላውቅም። እኔ የማስታውሰው ጥቁሩ ቀለም በድስቱ ውስጥ ሲፈላ ነው፣ ነጠላውና ካፖርቱ አንድ ላይ፣ ያ ከለቅሶው በኋላ ካልሆነ መቼ ሊሆን ይችላል? ግን እሷ ናት መቀሱን የያዘችው። ልከራከራት ፈለግኩ። እነዚህን ዓመታት ሁሉ የተሸከምኩትን ነገር እንዲህ በቀላሉ ከእጄ ስትወስደው ደስ ሊለኝ ሲገባ እኮ ተናደድኩ፣ መልሺልኝ የማለት ያህል። ወሬውን ወደ ወንድሜ ልጆች ቀየርኩት፣ ሁለተኛውን ጠጣን።

ልወጣ ስነሳ በሩ ድረስ ሸኘችኝ። ነጠላዬን አስተካከለችልኝና «ልጅቷ ግን ሹራብ አላት?» አለችኝ። «ጥቅምት እኮ መጣ።»

አላየሁም ነበር። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ፈለግኳት። ሦስተኛው መስመር ላይ ናት፣ እጇን ብብቷ ውስጥ ከታለች፣ የዩኒፎርሟ እጅጌ ክርኗ ጋ ነው የሚያልቀው።